የነቀልኳቸው ነጭ ካርዶች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ለትልቅ ሰው መልስ መስጠቴን ስዘረዝር ይቺን አንዷን ዘልዬ አልፋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ። ምነው አይኖር!

ካርዶቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ወደ ኋላ ባቆየው ሰበብ እየደረደርኩ እንደማመልጥ አውቃለሁ። ራሴን አውቃታለሁና።

ውድነሽና እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስነው ጎንደር፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው። እሷ የአይከል ልጅ ናት፤ አባቷ ገበሬ ነበሩ። እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። ሒሳብ የምትገለብጠው ከእኔ ነበር። ይህን ያነሳሁት ለመመጻደቅ አይደለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለመመጻደቅ ነው። የሁለታችንም ውጤት ዩኒቨርሲቲ አላስገባንም። ጎንደር ከተማ ባለ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት በአንድ ሰሞን ተቀጠርን፤ እኔ ታይፒስት፣ እሷ መዝገብ ቤት። እናቴ ግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ለቀቀችልንና አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ ጠዋት በአንድ አውቶቡስ እየተሳፈርን ኖርን። ለሰው እህትማማች እንመስል ነበር። እኔም እህቴ ናት እል ነበር። ያን ጊዜ እኩያዬ ነበረችና መውደዱ አይከብድም ነበር።

ከዚያ አንድ የሥልጠና ቦታ ከአዲስ አበባ መጣ። ስለ ሥራ እቅድ አወጣጥ ነው፤ የሚሄደውም አንድ ሰው ብቻ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢንጂነር መስፍን ሁላችንንም ሰብስቦ አየንና፣ እኔ እጄን ገና ሳላወርድ፣ «አንቺ ብርቄ፣ የሰው ንግግር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለሽ አትሰሚም። ውድነሽ ትሂድ» አለ። እየሳቀ ነው ያለው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ምን አደረገችኝ? ምንም። ሂጂ ተባለች፣ ሄደች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትበላበት እጇ፣ ፀጉሯን የምትጎነጉንበት ሁኔታ፣ እናቴን «እማዬ» የምትልበት ድምፅ ያበሳጨኝ ጀመር።

ስትመለስ ለእኔ ሰማያዊ ሻርፕ፣ ለእናቴ ነጠላ ጫማ ይዛ መጣች። ለራሷ ደግሞ የተጠቀለለ ሰፊ ወረቀት፤ ዳርና ዳሩ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ፣ መሐሉ በቁጥርና በመስመር የተሞላ። ኮምፒውተር ያወጣው ነው አለች። እኛ ቢሮ ያን ጊዜ ኮምፒውተር ቀርቶ የኔ ታይፕራይተር እንኳ አንድ ፊደሏ ወልቆ በእስክሪብቶ ነበር የምሞላው።

«ማሽኑ ክፍል ይሞላል እቴ» አለችኝ አልጋችን ላይ ሆና። «ሙቀት አይወድም። እሱ እንዲቀዘቅዝለት እኛ በጋቢ ተጠቅልለን ነው የተማርነው። ሥራዎቹን ትነግሪዋለሽ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ትነግሪዋለሽ፤ ከዚያ የትኛው ቢዘገይ ሁሉንም ይዞ እንደሚዘገይ ራሱ ለይቶ ያወጣልሻል።»

«ታዲያ ምነው ይዘሽልን አልመጣሽ?»

«በአያ ዘለቀ ማኪና አይጫንማ» ብላ ሳቀች። አያ ዘለቀ የመኪና ስምሪት ኃላፊያችን ናቸው።

ማሽኑን አላመጣችም፤ የማሽኑን ሥራ ግን አመጣችው። ከግምጃ ቤት አንድ ትልቅ ኮምፖርሳቶ ለመነችና ግድግዳ ላይ አስቸነከረችው። ወደ ጎን ቀናቱን፣ ወደ ታች ሥራዎቹን አሰመረች። በየመገናኛው ሚስማር መታች። ለቁፋሮ አረንጓዴ ካርድ፣ ለቱቦ ቢጫ፣ ለሲሚንቶ ማመላለሻ ሰማያዊ። አንዱ ሥራ ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ ከሚስማር ሚስማር ቀይ ክር ወጠረች። ሰኞ ጠዋት አያ ዘለቀ ከሰሌዳው ፊት ቆመው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ያነባሉ፤ የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ ሰሌዳው ይነግራቸዋል። ድሮ ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር።

ሥራችን ወገራ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ተገንጥሎ ሽቅብ በሚያስወጣ ስፍራ ላለች አንዲት መንደር፣ ከላይ ካለው ምንጭ ውሃ በቱቦ ማውረድ። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ገደል ወርደው ነው። መኪና መንደሩ አይደርስም፤ ሲሚንቶው መንገድ ዳር ይራገፍና ከዚያ ሕዝቡ በትከሻና በአህያ ወደ ምንጩ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ማለቅ ነበረበት።

ውድነሽ መንደሩ ድረስ ሄዳ ገበሬዎቹን አነጋገረች። እኛ ሁልጊዜ የምንጠይቀው «ይህን ቆፍሮ ለመጨረስ ስንት ቀን ይበቃችኋል?» ብለን ነበር፤ እነሱም እኛን ደስ የሚያሰኘንን ይነግሩናል። እሷ ግን «የማትሠሩት መቼ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔ ዓለምን ቆጠሩላት። ከሁሉም በላይ ማርያምን፤ የደብራቸው ታቦት ናት። በማርያም ቀን አፈር የነካ ሰው በመንደሩ ላይ በረዶ ይጠራል ይላሉ። እነዚህን ቀኖች ሁሉ በነጭ ካርድ ሰቀለቻቸው። ምንም አልጻፈችባቸውም። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ቢሮ ግድግዳ ላይ የታቦት ስም መጻፍ ነገር መፈለግ ነበር።

አንድ ቀን ካድሬው ሊጎበኝ መጥቶ በጣቱ እየነካ፣ «እነዚህ ነጮቹ ምንድን ናቸው?» አለ።

«ትንፋሽ ናቸው ጓድ» አለ ኢንጂነር መስፍን ዓይኑን ሳያሽ። «ማኪናም ሰውም መተንፈስ አለበት።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ ወዲያ በቢሮው ውስጥ ስማቸው ትንፋሽ ሆኖ ቀረ።

ሰሌዳው ሠራ። እውነቱን ልናገር፣ ሸጋ አድርጎ ሠራ። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይወሰዳል። «ይቺ ልጅ ናት የሠራችው» ይባላል። እሷ አንገቷን ትሰብራለች። እኔ ጥግ ላይ ታይፕ እመታለሁ። አንዱ ጎብኚ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትንሽ ድምፁን ብትቀንሺልን» አለኝ። ለሒሳብ እኔ ነበርኩ እኮ! የክፍላችን አንደኛ እኔ ነበርኩ እኮ! ግን ቆይ፣ ያ ሥልጠና ለእኔ ቢሰጠኝ ኖሮ ገበሬዎቹን የማትሠሩት መቼ ነው ብዬ እጠይቅ ነበር? አልጠይቅም ነበር። ይህንን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ያቃጠለኝም እሱ ነው።

ከዚያ ኢንጂነር መስፍን ጠራኝና ቃሉን እየነገረኝ እንድተይብ አዘዘኝ። ምሥራቅ ጀርመን ስለ ሥራ እቅድና ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምር ቦታ ተገኝቷል፤ ይህ ፕሮጀክት በጊዜው ሲያልቅ ውድነሽን እንልካለን፤ ትጉ ናት፣ አስተዋይ ናት። «አስተዋይ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩና ወረቀቱን ቀየርኩ። ማታ ለእሷ እኔው ነገርኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ብርቄ፣ እኔ ስሄድ ሰሌዳው ያንቺ ነው» አለችኝ። ታዘነልኝ ማለት ነው። ከሁሉ እሱን ነው ያልቻልኩት።

ግንቦት ገባ። አንድ ጠዋት የውድነሽ ያጎት ልጅ ከአይከል መጥቶ ቢሮው በር ላይ ቆመ። እሷ ከሰሌዳው ፊት ካርዶች በእጇ ይዛ ትሠራ ነበር። ሰውዬው እኔን ነው በምልክት የጠራኝ። «አባቷ አርፈዋል» አለኝ በሹክሹክታ። «እዚህ አትንገሪያት። ታመዋል ብለሽ አምጭልን።» ገብቼ አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል አልኳት። አየችኝ። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ካርዶቹ ከእጇ ረገፉ። እኔ ለቀምኳቸው። እስከ አውቶቡሱ ደግፌ ሸኘኋት። እስኪነሳ በመስኮት እጄን ይዛ «ሰሌዳውን አደራ» አለችኝ፤ ሌላ የምትለው ስላጣች ይመስለኛል።

ለቅሶ አልሄድኩም። እናቴ ሄደች። እኔ ሥራ ይበደላል አልኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ነበር። ከሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ግንቦት ሃያ አንድ የምትውለውን የማርያም ነጭ ካርድ ነቀልኩ። ድምፅ የለውም፤ ወረቀት ከሚስማር ሲወጣ ምንም ድምፅ የለውም። ቀጥዬ የቀሩትን የግንቦት ነጮች ነቀልኩና ሌሎቹን ካርዶች ወደፊት አስጠጋኋቸው። ክሮቹንም አስተካከልኩ። ሰማያዊው የሲሚንቶ ካርድ ማርያም ላይ ወደቀ። አላየሁትም ልበል? አይቼዋለሁ። ነጮቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሽንት ቤት ጣልኳቸው።

ምን ፈልጌ ነበር? አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተሳስታ እንድትገኝ ፈልጌ ነበር። ሰሌዳዋ ፊት ቆመው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» እንዲሉባት። ሕዝቡ አይወጣም፣ መኪናው ጭነቱን ይዞ ይመለሳል፣ ትወቀሳለች፣ አለቀ። እኔ ያሰብኩት እስከዚያ ነው። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ፍጠኑ ፍጠኑ ይል ስለነበር ኢንጂነር መስፍን ያጠረውን እቅድ ሲያይ ፊቱ በራ። ግን ሞኝ አይደለም።

«ትንፋሾቹስ?» አለኝ።

«ውድነሽ ናት ከመሄዷ በፊት ያጠበበችው። ከገበሬ ማኅበሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ በበዓልም ይወጣሉ ብላለች።»

ሊያምነኝ ፈለገና አመነኝ። አያ ዘለቀን ግን ቶሎ አላሳመንኳቸውም። ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «የግንቦት ማርያም ዕለት ሲሚንቶ ወደዚያ? ውድነሽ ናት ይህን ያለች?»

«አዎ አያ ዘለቀ።»

«እንግዲህ እሷ ካለች» አሉና ሾፌሮቹን ጠሩ።

እሷ ካለች። ስሟ ይህን ያህል ይታመን ነበር። እኔ ያንን ስም ወስጄ ነው የተጠቀምኩበት።

በማርያም ቀን መኪኖቹ ደረሱ። መንገድ ዳር አንድ ሰው የለም፤ መንደሩ በሙሉ ደብር ላይ ነው። መኪኖቹ ከሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት የመጡ ስለሆኑ በዚያው ቀን መመለስ ነበረባቸው። ሾፌሮቹ ጭነቱን ይዘው አልተመለሱም፤ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ያነሳዋል ብለው ሜዳ ላይ አራገፉት። ሸራ አልያዙም፤ በእቅዱ ሲሚንቶው ወዲያው ተሸካሚ ያገኛልና ሸራ ለምን ያስፈልጋል? ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ወገራን የሚያውቅ የግንቦትን በረዶ ያውቃል። ከበረዶው በኋላ ዝናቡ ሲወርድ አመሸ። ውሎ ሲያድር ከረጢቶቹ ድንጋይ ሆኑ።

ሕዝቡ በረዶውን ያመጣው በማርያም ቀን ሥራ የነካው መንግሥት ነው አለ። ሌላ ሲሚንቶ ለዚያ ዓመት አልተገኘም። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የመንደሩ ሴቶችም ሌላ አንድ በጋ ገደል ወርደው ቀዱ።

ውድነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ከለቅሶ ስትመለስ የገጠማት ይህ ነው። ቢሮ ሄዳ ሰሌዳውን አየች። ማታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋ ከለቅሶው ብዛት ተዘግቶ፣ «ብርቄ፣ ነጮቹን ማን ነካቸው?» አለችኝ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ካርድ መንቀል ቅናት ነው፤ ሰው ይቀናል። ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። «ረሳሽው እንዴ?» አልኳት። «መርዶው የመጣ ቀን አንቺው አይደለሽ የነቀልሻቸው? በእጅሽ ይዘሻቸው አልነበር እንዴ? መሬት ረግፈው እኔ አይደለሁ የለቀምኳቸው?»

እጆቿን ገልብጣ አየች። «እኔ ነኝ?» አለች። «አንቺ ነሽ» አልኳት። ከዚያ ደግሞ አቅፌ አባበልኳት።

ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ። ካድሬው ተነስቶ፣ «ይህ ስሕተት ነው ወይስ አሻጥር?» ብሎ ጠየቀ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ቀላል ቃል አልነበረም፤ በእሱ የተወሰደ ሰው ቶሎ አይመለስም ነበር። ውድነሽ ተነሳች። «ካርዶቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አላስታውሰውም። ግን እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይጠየቅብኝ።» የእኔ ኑዛዜ ነበር። ቃል በቃል የእኔ ነበር፤ እሷ ሰው ፊት ቆማ ተናዘዘችልኝ፣ እኔ ተቀምጬ ሰማሁት።

ፈራሁ። እስር ቤት ትገባለች ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ እጄን አወጣሁ። ሐዘን ላይ ስለነበረች አእምሮዋ አልነበረም፣ ክፋት የላትም፣ አብሬያት ነው የምኖረው አውቃታለሁ አልኩ። ጥሩ ተናገርኩ። ኢንጂነር መስፍንም ደገፈኝ። አሻጥሩ ቀረና ከሥራ እንድትሰናበት ተወሰነ። እጅ አውጡ ሲባል እኔም አወጣሁ። ስንወጣ አያ ዘለቀ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ።

እሷ አይከል ገባች። ሰሌዳው ለእኔ ተሰጠ። በዓመቱ የአዲስ አበባውን ሥልጠና እኔ ወሰድኩ፤ ያንን ክፍል የሚሞላ ማሽን አየሁት፤ እውነትም በጋቢ ነው የሚማሩት። ዛሬ የእቅድ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ለአዳዲስ ሠራተኞች እንዲህ እላቸዋለሁ፦ አለቃውን ተዉት፣ የሚቆፍረውን ጠይቁ። መቼ እንደሚሠራ ሳይሆን መቼ እንደማይሠራ ጠይቁት። የዘገየውን ካርድ አትደብቁት፣ እንደዘገየ ይታይ። ባዶ ቀን የሌለው እቅድ እቅድ አይደለም። ይጽፉታል። ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቀኝስ እናገር ነበር? ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። ይህን አልደብቅም፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ባለፈው መስከረም ለሥራ ወደ ውድነሽ አገር ጭልጋ ሄድኩ። አይከል አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት እንዳላት ሰምቼ ነበርና በሌላ መንገድ ልዞር አስቤ እግሬ ወሰደኝ። ወፍራለች፤ ሳቋ ያው ነው። አቅፋ አልለቅም አለች። ሻይ ወደሚጠጡት ሰዎች ዞራ፣ «ይቺን እህቴን እዩዋት» አለች። «እሷ ባትኖር እኔ እስር ቤት በስብሼ ቀርቼ ነበር። ያ ሁሉ ወንድ አፉን ሲዘጋ እሷ ናት የተነሳችልኝ።» አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩበት።

ሰዎቹ ሲወጡ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። በጨርቅ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፤ የጠራውን ደግማ ትወለውላለች። «ብርቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ያን ቀን ካርዶቹን ስነቅላቸው ምን እል ነበር? ስንት ዓመት ሙሉ ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልመጣ አለኝ። ሰው ራሱ የሠራውን እንዴት ይረሳል? አሁን ምድጃ ላይ ያለውን እሳት አጠፋሁ ወይስ አላጠፋሁም እያልኩ ከመንገድ እመለሳለሁ። ራሴን አላምነውም።»

ያቺ ነበረች ጊዜዋ። ቤቱ ባዶ ነው። ካድሬ የለም፣ ስብሰባ የለም። አራት ቃል ይበቃል።

«ዝም ብለሽ ነበር» አልኳት። «ምንም አልተናገርሽም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሻዬን ጨምራ ቀዳችልኝ፤ ጠጣሁት። ስከፍላት እምቢ አለችኝ።

እንግዲህ ይህ የልጅነት ጥፋት ነው አልልም። ዘመኑ ነው አልልም፤ ዘመኑ ካርድ ንቀይ አላለኝም። ባለፈው መስከረም ያለቀም ይመስላችኋል? ዛሬ ጠዋትም፣ ይህን ስጽፍ፣ አይከል ውስጥ አንዲት ሴት ከመንገድ ተመልሳ ምድጃዋን እያየች ይሆናል። እዚያ የምመልሳት እኔ ነኝ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን ምን አደረግኳችሁ? ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ የምትምረው በደል መኖሩን አታውቅም። እናንተ ከእሷ ቀድማችሁ አወቃችሁ። ይኸም በደል ነው፤ ይኸንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።